«ልጄ ዛሬ አይመጣም»

አምና አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የኢንተርናችንን ስም ጠርተው «አለቃው እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ቢሯችን ሀዋሳ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ያለች፣ ስድስት ሰው የሚሠራባት ክፍል ናት፤ አለቃ የሚባል ካለ ምናልባት የዋይፋዩን የሚከፍለው ሰው ነው። ነኝ አልኳቸው። «ልጄ ሆዱን አሞት አድሯል፤ ዛሬ አይመጣም። እንዳይቆጡት ብዬ ነው።» ከኋላቸው የልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፦ «ነገ ይመጣል በይው!»

«እግዜር ይማረው እናቴ፣ ምንም አይደል» ብዬ ዘጋሁት።

ልጁ 22 ዓመቱ ነው። የአራተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ። ጎበዝ ነው፤ እኛን ሦስት ቀን ያንገላታንን ስህተት በመጣ በሁለተኛ ሳምንቱ፣ በአንድ ከሰዓት ፈልጎ ያገኘ ልጅ ነው። 18 ከሞላው አራት ዓመት አልፎታል። በሕግ መምረጥ ይችላል፣ ማግባት ይችላል፣ ውል መፈረም ይችላል። «አሞኛል፣ ዛሬ አልመጣም» ብሎ መደወል ግን አልቻለም።

ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳቅንበት። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ግን ባጃጅ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። ከዚያ ሁለት ወር በፊት እኔም ደውያለሁ።

ታናሽ እህቴ ያኔ ፍሬሽማን ነበረች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግቢ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንደኛ ዓመት ላይ «ጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስ» የሚባል ኮርስ አለ። እኔ ከዚያ በፊት ስለገባሁ አልደረሰብኝም፤ ሞጁሉን ግን ከእሷ ወስጄ አንብቤዋለሁ። መጥፎ አይደለም። ገሚሱ ሳይኮሎጂ ነው። ቀሪው ስለ በራስ መተማመን፣ ንዴትን ስለ መቆጣጠር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ጓደኛ ግፊት፣ ሐሳብን ሳይፈሩም ሳይሳደቡም ስለ መናገር ያወራል። እህቴ «ኤ» አመጣችበት።

በዚያው ሴሚስተር በሌላ ኮርስ የሚድ ውጤቷ ሳይመዘገብ ቀረና «ኤንጂ» መጣባት። ማድረግ ያለባት መምህሩ ቢሮ ሄዳ «የኔ ውጤት አልገባም» ማለት ብቻ ነው። ደወለችልኝ።

«አንተ ደውልለት።»

«ለምን አንቺ አትሄጂም?»

«ኧረ እፈራለሁ! አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይሰማሃል።»

ደወልኩ። መምህሩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ በአምስት ደቂቃ አለቀ። እህቴ «ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሳይፈሩ ስለ መናገር በምርጫ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኘች ልጅ አንድ በር ማንኳኳት ሲያቅታት፣ በሩን የሚያንኳኳላት ሰው ሆኜ መገኘቴ አኩራርቶኝ ነበር።

በእኛ ሥራ፣ በሙከራ ዳታ ብቻ የተፈተነ ሲስተም ተፈተነ አይባልም። እውነተኛ ሰው እውነተኛ ገንዘብ የሚከፍልበት ቀን ነው የሚታወቀው። ላይፍ ስኪል በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲፈተን ያለው ነገር ይኸው ነው። ከተሳሳትክ የምታጣው ሁለት ነጥብ ነው።

ስለ ግቢ ተማሪ ሲወራ ሁልጊዜ የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ይሄ ትውልድ ሰነፍ ነው፣ ስልኩን ቀሙት» ነው። ሌላው ደግሞ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ወዲህና ወዲያ እየተንጎራደደ «ሕይወትህ በእጅህ ነው! አመለካከትህን ቀይር!» የሚለው ነው። ተማሪው ያጨበጭባል፣ ሰርተፍኬት ይቀበላል፣ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ እምነታቸው አንድ ነው፤ ጉድለቱ ተማሪው ውስጥ ነው ባዮች ናቸው። አንዱ በስድብ፣ ሌላው በጭብጨባ ሊሞላው ይፈልጋል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ጉድለቱ ያለው በሰጠነው ነገር ላይ ነው። ግቢው፣ ቤተሰቡ፣ እኛ ደዋዮቹ፣ ከተማሪው ላይ ትንንሹን ውሳኔ ሁሉ እንወስድበታለን፤ ትልቁ ውሳኔ ሲመጣ ግን ብቻውን እንተወዋለን። ኃላፊነት ደግሞ የሚለመደው ከትንሹ ነው።

እስቲ አስቡት። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደምትማር ምደባ ይወስናል። ዶርምህ የትኛው እንደሆነ የተለጠፈ ዝርዝር ላይ ታነባለህ። ዲፓርትመንትህን ነጥብና ኮታ ይወስናሉ። እኔ የገባሁት ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ በተባለበት ዘመን ነው፤ ኢንጂነር የሆንኩት ተጠርቼ ይሁን ተቆጥሬ እስከዛሬ አላውቅም። ምሳህ በሰዓቱ ይመጣል፤ አንተ ትሪ ይዘህ ትሰለፋለህ። በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ፣ ፕሮክተር አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ለተማሪው የተተወች አንዲት እውነተኛ ምርጫ ብትኖር ነን ካፌ መሆን ናት፤ የምግብህን በብር ተቀብለህ ራስህን ማስተዳደር። የሚገርመው ብዙ ቤተሰብ የሚያስጠነቅቀውም ስለ እሷው ነው። «ነን ካፌ እንዳትሆን፤ ብሩን በሳምንት ትጨርሰውና ትራባለህ።» የኔ እናት ይህንን ሳይሰለቻት ለአራት ዓመት ብላኛለች።

ትልቁ ሲመጣስ?

ሁለተኛ ዓመት ላይ ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። የተማርኩት ከሀዋሳ ውጭ ነው፤ የግቢውን ስም ግን አልጠራም። ከስድስታችን አንዱ፣ ሚዛናዊ፣ ዝምተኛ፣ ካልኩለስ የሚያስጠናን ልጅ፣ አባቱ ታመሙ ተብሎ ተደወለለት። የመጀመሪያ ልጅ ነው። ሁለት ሱሪ በቦርሳ ከትቶ «ሁለት ሳምንት ነው» ብሎን ሄደ። አባትየው አልጋ ላይ ከረሙ፤ እርሻውም ሰው ይፈልግ ነበር። የተመለሰው በሚቀጥለው መስከረም ነው። ሬጂስትራር ሲሄድ በሁሉም ኮርስ ኤፍ፣ ከዚያም ዲስሚሳል ጠበቀው።

ከመሄዱ በፊት አንዲት ፎርም ሞልቶ ቢሆን ቦታው ይጠበቅለት ነበር። የዊዝድሮዋል ፎርም። አንድ ገጽ ናት። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ምክንያት፣ ሦስት ፊርማ። ስለሷ የሚያወራው የተማሪ መመሪያ ስንገባ ለሁላችንም ታድሎናል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ነገር ነው። የኔው ሎከሬ ውስጥ ነበር፤ ጫማዬን ከላዩ አደርግበት ነበር።

ይሄን ታሪክ ስናገር ሰው ወዲያው «አይ ቢሮክራሲ!» ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የምለው። የማልጨምረው አንድ ነገር ስለነበረ ነው፤ እሱ ሲሄድ አምስታችን «እንርዳው» ብለን አቴንዳንስ እየተፈራረቅን ፈረምንለት። የኔ ፊርማ ከሁሉም በላይ የሱን ስለሚመስል ብዙውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። በኋላ አቤቱታ ሲያቀርብ ያ ወረቀት ወጣ። «አባቴን እያስታመምኩ ነበር ትላለህ፤ ክላስ ነበርክ ይላል እኮ» አሉት። እኛን አሳልፎ አልሰጠንም። ዝም ብሎ ወጣ።

አምስት ሰው ሆነን፣ አንዳችንም አንድ ቢሮ ገብተን «ተማሪ ቤተሰቡ ሲታመምበት ምንድነው የሚያደርገው?» ብለን አልጠየቅንም። መዋሸቱን ግን ማንም ሳያስተምረን ቻልንበት። እዚህ ላይ ግቢው ጥፋት የለበትም አልልም። 19 ዓመት ለሆነው ልጅ ምን እንደሚበላ እየወሰነ፣ ሕይወቱን የሚቀይረውን ፎርም መመሪያ ገጽ መሀል ቀብሮ «ማንበብ ነበረብህ» የሚል ተቋም ራሱ ሁለት ምላስ ነው። ግን የኔን ፊርማ ተቋሙ አልፈረመም።

ጓደኛዬ ዛሬ እህል ይነግዳል፤ ከኔ የተሻለ ያገኛል፤ ስለዚህ አልቅሱለት እያልኩ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌላ ነገር እያወራን፣ «ፎርም አለ የሚለኝ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው እኮ» አለኝ። ስለ አቴንዳንሱ እስከዛሬ አንስቶብኝ አያውቅም።

ሌላው ትልቅ ነገር ኮስት ሼሪንግ ነው። መንግሥት ግቢ ውስጥ የተማርን በሙሉ ፈርመነዋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፤ የምግብህንና የመኝታህን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ እየተቆረጠ ትመልሳለህ። የግቢው ምግብ ነፃ አይደለም ማለት ነው። ያ ሁላችንም ተሰልፈን ያማነው ወጥ በብድር የበላነው ነው። ስንቶቻችሁ ይህን ታውቃላችሁ? እኔ ስፈርም ወረፋው ረጅም ነበር፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ «ቶሎ በል እንጂ» ይለኛል፣ ፈርሜ ሮጥኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የብድር ውል እንደሆነ ያወቅሁት ተመርቄ ኦሪጅናል ዲግሪዬን ልወስድ ስሄድ ነው። «መጀመሪያ ይሄን ክፈል» ተባልኩ። እስካሁን አልሄድኩም፤ በቴምፖራሪ እየሠራሁ ነው። ስለ ኃላፊነት የሚጽፍላችሁ ሰው ኦሪጅናሉ ሬጂስትራር ቤት ያለበት ሰው መሆኑን እወቁት።

አሁን ከግቢ ልውጣና ወደዚሁ ከተማ ልመለስ። ሀዋሳ ሁለት ዓይነት ወጣት አላት። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያለው ነው። ሌላው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራው ነው፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ገና 18 እና 20 ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው። ማታ ሺፍት ሲወጣ መንገዱን ሞልተው ታዩአቸዋላችሁ።

እኔ ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ እንደዚህ ዓይነት አራት ልጆች ይኖሩ ነበር። አንዷ፣ በዕድሜ ከእህቴ ጋር እኩያ ትሆናለች፣ ደብተር ነበራት። ኪራይ፣ ከሰል፣ ዘይት፣ ዕቁብ፣ ለአገር ቤት የሚላክ፣ ሁሉም ይጻፋል። አከራዩ ኪራይ ሊጨምር ሲመጣ የምትደራደረው እሷ ናት። አንድ ቀን ስትከራከር ሰምቻታለሁ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ አልለመነችም። «ጋሼ፣ በሩ አይዘጋም፤ እሱን ያሠሩልን፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችው። ከእህቴ ሞጁል ውስጥ ያለው ሐሳብን የመግለጽ ምዕራፍ ማለት ይሄ ነው፤ ያውም ምዕራፉን ሳታነብ።

አደራ፣ ድህነት ያስተምራል እያልኩ አይደለም። እንደዚህ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጠገበ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና ሰብአዊ መብት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በዚሁ ፓርክ ዙሪያ ባወጣው ሪፖርት የሠራተኞቹን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ያለው። በዚያ ገንዘብ ማንም ልጅ እንዲማርበት አልመኝም። ደግሞም ደብተር መያዝ ከሁሉ ነገር አያድንም፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ ስትወጣ ከፓርኩ ሥራ ያጡት በጊዜ አጠቃቀም ሰንፈው አልነበረም። ለ«ሕይወትህ በእጅህ ነው» አሠልጣኞች ይህን ንገሩልኝ።

ግን ልጅቷ ያላት ነገር ከየት መጣ? ከደሟ አይደለም። ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ የምትወስነው ነገር ይቆጠራል። ዘይቱን በሁለት ሳምንት ከጨረሰች ሦስተኛው ሳምንት ያለ ዘይት ነው። ለአከራዩ ዝም ካለች ኪራዩ ይጨምራል። የሚደውልላት ወንድም የለም። እህቴ ከእሷ አታንስም፤ የሚቆጠር ነገር ሰጥተናት አናውቅም እንጂ።

ይህን ስል «ተማሪ ነው፣ ሥራው ማጥናት ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ለማግኘት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው ማገልገል ነበረባቸው። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። በሃያ ምናምን ዓመቱ አንዱ ልጅ ሰምቶት በማያውቀው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ይዞ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ይቆማል። ብዙዎቹ አጉረምርመዋል፣ ሁሉም አልወደደውም። ዋናው ነገር ግን በእሱ ቦታ የሚቆምለት ሰው አልነበረም። ያኔ ከተማሪ የተጠበቀው ዛሬ «ከባድ ነው» የሚባለው ለምንድነው? ልጆቹ አንሰው ነው ወይስ እኛ ፈርተን?

ስለዚህ የላይፍ ስኪል ኮርሱ ይቅር አልልም፤ ከክፍል ይውጣ ነው የምለው። ፍሬሽማኑ የኮስት ሼሪንግ ውሉን ክፍል ውስጥ፣ መስመር በመስመር፣ በሚገባው ቋንቋ አንብቦ ከገባው በኋላ ይፈርም። የዊዝድሮዋል ፎርሟን እጁ ላይ ይዞ ይሙላትና ይቅደዳት። ሬጂስትራር ቢሮ ሄዶ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ይዞ ይምጣ። ይሄ ሁሉ ፕሮጀክተር አያስፈልገውም። ቤተሰብም ነን ካፌን እንደ ሱስ ማየቱን ይተው። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል፤ ወር ሙሉ ሲሰላ አንድ ልጅ ሒሳብ የሚማርበት ገንዘብ ነው።

«በጫት ይጨርሰዋል» ትሉኛላችሁ። አንዳንዱ ይጨርሰዋል፣ አዎ። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን በዘጠኝ ቀን ጨርሼው ቀሪውን ወር ከእናቴ ተበድሬ ነው የኖርኩት፤ ያኔ 23 ዓመቴ ነበር፣ ዲግሪ ነበረኝ፣ ካፌ ነበርኩ። 19 ዓመት ላይ ብጨርሰው ኖሮ የሚጎዳው አሥር ቀን ምሳ ነበር፤ ዶርም ጓደኞቼ እንጀራ ያካፍሉኝ ነበር። ዕዳው እየገፋ በሄደ ቁጥር ልጅና የቤት ኪራይ ይጨመርበታል።

እናንተ ተማሪዎቹስ? እኔ እናንተን ነፃ ላወጣ አልመጣሁም። ማንም ሳይነግራችሁ መመሪያውን ከጫማችሁ ሥር ማውጣት ትችላላችሁ። ለጓደኛችሁ አቴንዳንስ መፈረም ፍቅር ይመስላል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ከእሱ ይልቅ አንድ ጠዋት ክላስ ቀርታችሁ አብራችሁት ሬጂስትራር ሂዱ። ሲያማችሁ ደግሞ ራሳችሁ ደውሉ። ቆጣ የሚል አለቃ ይኖራል፤ እኔም አንዳንድ ቀን እቆጣለሁ፣ ሞቶ የተነሣ ኢንተርን ግን አላየሁም።

ኢንተርናችን በማግሥቱ መጣ። ሻይ ይዤ ወጣሁና «ሁለተኛ ራስህ ደውል፤ እናትህን አታስቸግራቸው» አልኩት። ፊቱ ቀላ። «ደውዬ ነበር እኮ፤ ገና ሳይነሳ ዘጋሁት» አለኝ። ስልኬን ከፈትኩ። እውነቱን ነው፤ 1 ሰዓት ከ50 ላይ አንድ ሚስድ ኮል አለ። እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር።

እህቴ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ሳምንት ሌላ የግሬድ ችግር ገጠማትና ደወለች። እምቢ አልኳት። «ጨካኝ ነህ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ፤ እናቴም በኋላ ደውላ «ምን ነካህ፣ አንድ እህት እኮ ናት ያለችህ» አለችኝ። ይሄን እየጻፍኩ ሳለ ከዲፓርትመንቱ ቢሮ በር ላይ ሆና መልእክት ላከችልኝ።

«ሰውዬው የለም። ምን ላድርግ?»

መልስ መጻፍ ጀመርኩ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጀመርኩ፣ አጠፋሁት። ከ40 ደቂቃ በኋላ «መጣ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደተባባሉ እስካሁን አልነገረችኝም።